ለመስከረም እንሄዳለን

የመስቀል ማግስት፣ ገና ጎህ ሲቀድ፣ ደብረ ብርሃን ውስጥ አንድ ቤተሰብ አበባ ሊያይ ተነሣ። ፒክአፑ ላይ ድፎ ዳቦ ተጫነ፣ የታሸገ ውሃ ተጫነ፣ ሣር ላይ የሚነጠፍ ምንጣፍ ተጫነ፣ ለልጅቷ ኳስ ተጫነ። ከሁሉም በታች፣ ከትርፍ ጎማው ሥር፣ በማዳበሪያ ከረጢት የተጠቀለለ ጥቁር ልብስ ተጫነ።

ልብሱ ለእሌኒ ነበር። አባቷ አቶ መርስዔ ኃዘን ከሞቱ ሠላሳ ስምንት ቀን ሆኗቸዋል፤ እስከ ዛሬ ማንም አልነገራትም። ነገ ተዝካራቸው ነው። ዛሬ ረፋዱ ላይ ደግሞ ሽማግሌዎች መንዝ፣ አስታ ሜዳ፣ አባቷ ግቢ ተሰብስበው መርዶዋን ሊያረዷት ቀጠሮ ይዘዋል። እሷን ሳትጠረጥር እዚያ ማድረስ የባሏ የፍሬአብ ሥራ ነው። ሰበቡ አበባ ነው።

ፍሬአብ ክፉ ሰው አይደለም። ይህን አስቀድሞ መናገር ያስፈልጋል፤ ክፉ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይቀል ነበር። ነገን የሚወድ ሰው ነው እንጂ። ዛሬ የሚያስጨንቀውን ሁሉ ነገ ላይ ያስቀምጠዋል፤ ነገ ሲደርስ ደግሞ አንሥቶ ወደ ከነገ ወዲያ ያሻግረዋል። በመሥሪያ ቤቱ የዕቅድ ባለሙያ ነው፤ እዚያስ ይሄ ጠባዩ ብዙም አልጎዳውም።

ከእሌኒ ጋር ከተጋቡ ስምንት ዓመታቸው ነው። አስታ ሜዳን ግን አማቱ በሕይወት ሳሉ አንድ ጊዜ፣ ሽማግሌ ይዞ የሄደ ዕለት ብቻ ነው የረገጣት፤ እሱም በሚያዝያ፣ ምድሩ ሁሉ አቧራ በሆነበት ወቅት ነበር። አማቱ ያን ዕለት ከቤታቸው በላይ ያለውን ገደላገደል በከዘራ እያመለከቱ፣ «በመስከረም ነው እንጂ መምጣት፤ ይሄ የምታየው ሁሉ አበባ ይሆናል» ብለውት ነበር። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ሽማግሌው ኔትወርክ ያለበት አምባ ላይ ወጥተው ይደውላሉ። «አበባው ፈንድቷል። መቼ ነው የምትመጡት?» ፍሬአብ ሐምሌ ላይ ሲጠየቅ «ለመስከረም እንሄዳለን» ይላል። መስከረም ሲጠባ «ሥራ አለብኝ» ይላል። ሰባት መስከረም እንዲህ አለፈ። አንዱን ዓመት መንገዱ ተዘግቶ ነበር፤ ያን ዓመት እውነቱን ነው። የቀሩትን ስድስቱን ግን ምን እንደሠራባቸው ቢጠየቅ መልስ የለውም።

ዘንድሮ ነሐሴ አሥራ ሦስት ቀን እሌኒ የእንቅርት ቀዶ ጥገና አደረገች። ሐኪሙ ፍሬአብን ለብቻው ጠርቶ፣ ስፌቱ እስኪድን ድረስ አንገቷን እንዳታስጨንቅ፣ እንዳትጮህ፣ እንዳትደነግጥ ነገረው። ከሁለት ቀን በኋላ አቶ መርስዔ ኃዘን አስታ ሜዳ ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ሳለ፣ እንደ ተቀመጡ ቀሩ።

መርዶው መጀመሪያ የደረሰው ደብረ ብርሃን የሚኖሩት ታናሽ ወንድማቸው ጋሽ ታዲዮስ ዘንድ ነው። ጋሽ ታዲዮስ ጡረታ የወጡ የቀበሌ ሊቀ መንበር ናቸው፤ ሊቀ መንበርነቱ ግን ጡረታ አልወጣላቸውም። ከሆስፒታሉ በር ላይ ፍሬአብን ክንዱን ይዘው፣ «አትነግራትም» አሉት። «እንዲህ ተቀዳ የተሰፋች ሴት እሪ ብትል ምን ልትሆን ነው? አንዱን ስንቀብር ሌላዋን እንድንቀብር ነው?» ፍሬአብ ለሚስቱ «የሁለት ቀን ሥልጠና ወጥቶብኛል» ብሎ ሄዶ አማቱን ቀበረና ተመለሰ። ጫማውን ሳይጠርግ ነበር አልጋዋ አጠገብ የተቀመጠው። እሌኒ ጫማውን አየችው። ገና ድምፅ አልነበራትም።

እስከዚህ ድረስ ማንም አይፈርድበትም። ነገር ግን ስፌቱ በአሥረኛው ቀን ወጣ። «ትንሽ ትጠንክር» አሉ ጋሽ ታዲዮስ። ጠነከረች። «እንግዲህ ዘመን መለወጫ ደረሰ፤ ዓውደ ዓመቷን አናበላሽባት» አሉ። ዓውደ ዓመቱ አለፈ። «መስቀልን ትዋል፤ ከዚያ ለተዝካሩ ይዘናት እንሄዳለን» አሉ። ፍሬአብ በእያንዳንዱ ጊዜ «እሺ» ሲል ውስጡ ቅልል ይለው ነበር። ጋሽ ታዲዮስ ሲወስኑ እሱ ያልወሰነ ይመስለዋል።

ያም ቢሆን ዝም ብሎ ቢሆን መልካም ነበር። ዝም አላለም። በዚያ ሰሞን የመንዝ ስልክ በሳምንት አንድ ቀን ቢሠራ ነው፤ ለውሸት የተመቸ ነበር። እሌኒ ከሆስፒታል በወጣች በሦስተኛው ቀን፣ በሹክሹክታ «አባዬ አልደወሉም?» ስትለው፣ «ጧት ደውለው ነበር፤ ተኝተሽ ነበር» አላት። «ምን አሉ?» «ሰላም በላት አሉኝ።» እንዲህ ተጀመረ። በሌላው ቀን «ገብሱ አምሯል አሉ» አላት። በሌላው ቀን ደግሞ «በርቺ በላት፤ በጸሎት እያሰብኩሽ ነው አሉ» አላት። በየጊዜው ምን ምን እንዳሉ ትጠይቀዋለች፤ በየጊዜው ይነግራታል። አቶ መርስዔ ኃዘን በሕይወት ሳሉ ከፍሬአብ ጋር ያላወሩትን ያህል ከሞቱ በኋላ አወሩ።

ለመስከረም አሥራ ስምንት ሰበብ ሲፈለግ አበባውን ያመጣው እሱ ራሱ ነው። «አበባ እናሳይሽ ካልናት አትጠረጥርም። ሰባት ዓመት ስትለምነኝ ኖራለች» አላቸው ለጋሽ ታዲዮስ። ጋሽ ታዲዮስ ትከሻውን መታ መታ አድርገው «ጎበዝ» አሉት። ማታ ለእሌኒ «አስታ ሜዳ ሄደን አበባውን እንየው እንዴ?» ሲላት፣ እጇ ላይ የነበረውን የልጃቸውን የሰብሊን ካልሲ እንደ ያዘች ረዘም ላለ ጊዜ አየችው። «አሁን?» አለችው። «አሁን ነዋ፤ መስከረም አይደል?» አላት። «እሺ» አለች።

እንግዲህ መኪናው ውስጥ እንዲህ ተቀምጠዋል። ፍሬአብ መሪው ላይ፣ ጋሽ ታዲዮስ ከጎኑ። ጋሽ ታዲዮስ ሠላሳ ስምንት ቀን ያሳደጉትን የሐዘን ጢም እሌኒ እንዳትጠረጥር ትናንት ተላጭተውታል፤ አገጫቸው ከቀረው ፊታቸው ነጥቶ ይታያል። ከኋላ እሌኒ፣ የስድስት ዓመቷ ሰብሊና የጋሽ ታዲዮስ ባለቤት እትዬ አዛለች። እትዬ አዛለች ፀሐይ ሳትወጣ ጥቁር መነጽር አድርገዋል።

ጋሽ ታዲዮስ ሬዲዮ አስከፈቱ፤ የበዓል ዘፈን ነው። አብረው ማጨብጨብም ሞከሩ። ጣርማ በር ላይ ከዋናው መንገድ ተገንጥለው ወደ መዘዞ ሲታጠፉ ጉሙ መኪናውን ዋጠው፤ እትዬ አዛለች ደግሞ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ዓይናቸውን ጠረጉ።

«ምን ሆኑ እትዬ?» አለች እሌኒ።

«ነፋሱ ነው ልጄ። ዓይኔን መታኝ።»

«መስኮቱ ዝግ ነው እኮ» አለችና መሐረቧን ሰጠቻቸው።

ጋሽ ታዲዮስ በመስታወቱ ሚስታቸውን ገላመጡ። ፍሬአብ ማርሽ ቀየረ፤ መቀየር የማያስፈልግበት ቦታ ነበር።

«ፍሬ» አለች እሌኒ ጥቂት ከሄዱ በኋላ። ድምፅዋ ከቀዶ ጥገናው ወዲህ ዝቅ ያለና ትንሽ የሻከረ ሆኖ ቀርቷል። «አባዬ እንደምንመጣ ያውቃሉ?»

«አዎ። ነገርኳቸው እኮ።»

«ምን አሉ?»

«ምን ይላሉ፤ ደስ አላቸዋ።»

«አባባ በጉን ያርድልናል?» አለች ሰብሊ። ማንም ሳይመልስላት እትዬ አዛለች ልጅቷን ጎትተው ጉያቸው ውስጥ አስገቧት።

ሞላሌ ሲደርሱ እሌኒ መኪናው ይቁም አለች። ለአባቷ የሱፍ ቆብ ልትገዛ ነው፤ ባዶ እጇን አትገባም። ጋሽ ታዲዮስ «ኋላ ስንመለስ» አሉ። ሲመለሱ ለማን ሊገዛ እንደሆነ እንጃላቸው። እሌኒ ግን በሩን ከፍታ ወርዳ ነበር።

ሱቁ የሙሐመድሰዒድ ነው። ሙሐመድሰዒድ ከቆላ መጥቶ ሞላሌ ላይ ልብስና የቤት ዕቃ ሲሸጥ ሃያ ዓመት ሆኖታል፤ አቶ መርስዔ ኃዘን ገበያ በወጡ ቁጥር ደጁ ላይ አረፍ የሚሉ ደንበኛው ነበሩ። እሌኒን ሲያያት ከወንበሩ ተነሣ። ሁለት እጁን ዘረጋ፣ ፊቱ ተለወጠ፣ «እሌኒ፣ አላህ…» ብሎ ጀመረ። ጋሽ ታዲዮስ ከእሷ ጀርባ ሆነው ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ። «አባቷን ልትጠይቅ ነው!» አሉ ጮክ ብለው። «አበባም እናያለን!» ሙሐመድሰዒድ ሰዎቹን አንድ በአንድ አያቸውና የተዘረጉትን እጆቹን የሚያስቀምጥበት አጥቶ ቆቦቹን ማራገፍ ጀመረ።

እሌኒ ቡናማውን መረጠች። «ይበቃቸው ይሆን? ፍሬ፣ አንተ ሞክረው እስቲ። የአባዬ ራስ ካንተ ጋር እኩል ነው።»

ፍሬአብ የሟቹን ቆብ ራሱ ላይ አደረገ። ሞላሌ ገበያ መሐል፣ ከሱቁ በር ላይ በተሰቀለው መስታወት ፊት ቆሞ፣ ወደ ግራም ወደ ቀኝም እንዲዞር ሚስቱ ስታዘው ዞረ። የሱፉ ጠረን አፍንጫው ውስጥ ገባ፤ ቶሎ አወለቀው።

«ልክ ነው» አለች እሌኒ። ልትከፍል ቦርሳዋን ስትከፍት ሙሐመድሰዒድ «ከሳቸው አልቀበልም» አለ። «ለምን?» አለችው። «እንዲሁ ነው። ወዳጄ ናቸው።» ዓይኑን ከመሬት አላነሣም። እሌኒ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለችና የሰውየውን ክንድ ያዝ አድርጋ ለቀቀችው።

ከሞላሌ ወዲያ ያለው መንገድ ድንጋይ ነው። ጋሽ ታዲዮስ ፍሬአብን በዋናው በር ሳይሆን በላይ በኩል፣ ከጋራው ጀርባ አዞሩት። ግቢው ውስጥ የተተከለው ድንኳን ከዚያ አይታይም። መኪናው ሲቆም እሌኒና ልጅቷ ቀድመው ወረዱ፤ ጋሽ ታዲዮስ የፍሬአብን ጉልበት ያዙ። «ሽማግሌዎቹ ገና ከቤተ ክርስቲያን አልወጡም። ግማሽ ሰዓት አበባውን እያያችሁ ቆዩ። ሳፏጭ ይዘሃት ትወርዳለህ። አደራ፣ አፍህን ያዝ።»

ፍሬአብ ወርዶ ቀና ሲል አበባውን አየ።

አማቱ አልዋሹም። ከገብሱ ማሳ ዳር ጀምሮ እስከ ገደሉ አፋፍ ድረስ መሬቱ አይታይም፤ አደይ ነው። ድንጋዩም፣ ካቡም፣ የፈረሰው የከብት በረትም በቢጫ ተሸፍኗል። ከሥሩ የማገጥ ሐምራዊ አበባ እዚህም እዚያም ብቅ ይላል። ንብ ነው የሚሰማው፣ ሌላ ድምፅ የለም። ፍሬአብ ሰዓቱን ተመለከተ። ከደብረ ብርሃን አራት ሰዓት ተኩል ፈጅቶባቸው ነበር፤ ሞላሌ የቆሙትም ተቆጥሮ ነው። ሰባት ዓመት ያቃተው አራት ሰዓት ተኩል ነበር። አፈረ፤ ከምር አፈረ። ሽማግሌው በየዓመቱ እዚህ ቆመው ወደ መንገዱ ሲያዩ ታዩት።

ሰብሊ ኳሷን ጥላ አበባው ውስጥ ገብታለች፤ የሚታየው ፀጉሯ ብቻ ነው። እሌኒ ምንጣፉን አላነጠፈችም። ድንጋይ ላይ ተቀምጣ፣ አንገቷ ላይ የጠመጠመችውን ሻሽ ፈታች። ጠባሳው እንደ ቀጭን ክር አንገቷን ዞሮታል። ፍሬአብ አጠገቧ ተቀመጠ።

«ልጅ ሆኜ» አለች «መስከረም በመጣ ቁጥር አባዬ እዚህ ያመጡኝ ነበር። አበባ ቀጥፌ ስሮጥባቸው ተቀምጠው ይጠብቁኛል። አይቸኩሉም። ሥራ የላቸውም እንዳትል፣ የአጨዳ ዋዜማ ነው።»

ፍሬአብ ከእግሩ ሥር ያለውን ጠጠር በጫማው ገፋው።

«ካንተ ጋር እንዲያዩት ፈልጌ ነበር። አንተ ስትገረም ማየት ይፈልጉ ነበር፤ ሌላ ነገር አልነበረም።»

«ይፈልጉ ነበር» አለች፤ «ይፈልጋሉ» አላለችም። ጆሮው ሰማው። ፍሬአብ ግን የሰማውን አልተከተለም፤ እንዲያልፍ ተወው።

«ፍሬ» አለች ወደ እሱ ዞራ። «የምትነግረኝ ነገር አለ?»

አሁን ነው፣ አለ በውስጡ። አሁን ልንገራት፤ በሰው ፊት ከምትሰማ፣ ከእኔ አፍ ትስማ፤ ታልቅስ፣ ትምታኝ፣ እዚሁ አበባው ላይ እንቀመጥ። አፉን ከፈተ። ጠባሳውን አየ። ጋሽ ታዲዮስ መኪናው አጠገብ ቆመው እንደሚያዩት አየ። ሰብሊ ብትደነግጥስ ብሎ አሰበ። ሽማግሌዎቹ ያውቁበታል ብሎ አሰበ። ግማሽ ሰዓት ብቻ ነው የቀረው ብሎ አሰበ፤ በዚህም ውስጡ ቅልል አለው።

«ምን እነግርሻለሁ» አለ። «ደስ ይላል ነው እንጂ። በጣም ያምራል።»

እሌኒ ራሷን ነቀነቀች። ቀስ ብላ ዝቅ አለችና አንድ አደይ ቀጠፈች፤ ሁለተኛ ቀጠፈች። «ትናንት ደወሉ አላልከኝም? አባዬ ምን አሉህ?»

«እ… አበባው ሳይረግፍ ድረሱ አሉ። እና… በርቺ በላት አሉኝ።»

«በርቺ በላት አሉ?»

«አዎ።»

«እሺ» አለች፤ መቅጠፏን ቀጠለች።

ጋሽ ታዲዮስ አፏጩ።

የጋራውን ጀርባ ዞረው ሲወርዱ ድንኳኑ ታየ። ከድንኳኑ ፊት ሰው ሞልቷል፤ ሁሉም ቆሟል፣ አንድም የሚናገር የለም። ሴቶቹ ነጠላቸውን ለሐዘን ዘቅዝቀው ለብሰዋል። እትዬ አዛለች መነጽራቸውን አውልቀው ጣሉ። ፍሬአብ ሰብሊን አነሣና ደረቱ ላይ ለጠፋት። እሌኒ ግን እርምጃዋን አልለወጠችም። በአንድ እጇ አበባውን፣ በአንድ እጇ ቆቡን ይዛ መሐል ግቢው ድረስ ሄደች። የሟቹ የነፍስ አባት ቄስ ባስልዮስ መስቀላቸውን ይዘው ከሽማግሌዎቹ ወጣ አሉ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጄ እሌኒ… እንግዲህ ሁላችንም እንግዶች ነን። እግዚአብሔር የሰጠውን…»

«አይድከሙ አባቴ» አለች እሌኒ። «ነሐሴ አሥራ ስድስት ቀን ተቀብረዋል። አውቃለሁ።»

እሪ ሊሉ አየር የሳቡ ሴቶች አየሩ ደረታቸው ውስጥ ቀረ። መርዶ የሚነገርበት ሥርዓት አለ፤ መርዶ ተቀባይ «አውቃለሁ» ስትል የሚደረገውን ግን በግቢው ውስጥ ያለ አንድም ሰው አያውቅም። ቄስ ባስልዮስ መስቀሉን እንደ ያዙ ቆሙ።

መጀመሪያ የተንቀሳቀሱት እናቷ እመት አሰጋሽ ናቸው። መሬት ላይ ከተቀመጡበት እጃቸውን ዘረጉ፤ እሌኒ ሄዳ ጉልበታቸው ላይ ወደቀች። ያን ጊዜ ለቅሶው ፈነዳ። ግቢው ሁሉ ሲጮህ እሌኒ አልጮኸችም። ትከሻዋ ብቻ ነው የሚንቀጠቀጠው። ድምፅ የሌለው ለቅሶ ከወር በላይ ለምዳዋለች፤ በውሃ ቧንቧ ጫጫታ ሥር፣ በትራስ ሥር፣ ባሏ ሥራ በሄደበት ሰዓት።

ለቅሶው ጋብ ሲል እመት አሰጋሽ የልጃቸውን ፊት በሁለት እጃቸው ያዙ። «ማን ነገረሽ የኔ ልጅ?»

«ማንም አልነገረኝም። ሆስፒታል ከጎኔ የተኛችው የሞላሌ ሴት ናት። ጠያቂዎቿ ከአስታ ሜዳ ቀብር መምጣታቸው ነበር። የአባዬን ስም ጠርተው ሲያወሩ እኔ አጠገባቸው ተኝቻለሁ። ማንነቴን አያውቁም። አንገቴ ላይ ቱቦ ነበር፤ መጮህ አልቻልኩም።»

«ታዲያ ይሄን ሁሉ ቀን ለምን ዝም አልሽ?»

«እሱ እስኪነግረኝ» አለች እሌኒ።

ማን እንደሆነ የጠየቀ የለም። የግቢው ሰው ሁሉ ዞሮ ፍሬአብን አየው። ጋሽ ታዲዮስም አብረው አዩት፤ እሳቸው የሌሉበት ይመስል።

ፍሬአብ ሊያናግራት የቻለው ሰዉ ወደ ድንኳኑ ገብቶ ሲቀመጥ፣ ከካቡ ሥር ነው። ጥቁሩን ልብስ ለብሳለች። አበባው የለም፤ ሰብሊን ይዛ ሄዳ አባቷ መቃብር ላይ አስቀምጣው መጥታለች። ባሏን ግን አልጠራችውም ነበር።

«ላንቺ ብዬ ነው እሌ። በእግዚአብሔር ስም፣ ላንቺ ብዬ ነው። ሐኪሙ…»

«ሐኪሙን ተወው። የመጀመሪያዎቹን አሥር ቀን ለእኔ ብለህ ነው። እሱን ተቀብዬዋለሁ። ከዚያ በኋላ ያለው ግን ለራስህ ነው።»

«ታውቂ ከነበረስ አንቺ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ባል አለኝ ብዬ ነዋ» አለች። ድምፅዋን አላነሣችም። «አንድ ቀን ማታ እጄን ይዞ ይነግረኛል፣ አብረን እናለቅሳለን ብዬ ነው። በየቀኑ ጠየቅኩህ። ምን አሉ፣ ምን አሉ እያልኩ በር ስከፍትልህ አንተ ከሞተ ሰው ሰላምታ ታመጣልኛለህ። ደግሞ ‹በርቺ› ትላለህ። አባዬ በርቺ ብለውኝ አያውቁም። ‹እናቴ› ነበር የሚሉኝ። ተወልጄ እስኪሞቱ ድረስ በሌላ ስም አልጠሩኝም። ስምንት ዓመት ሙሉ ስልኩን ተቀብለህ ብታናግራቸው ኖሮ ታውቀው ነበር።»

እውነት ነበር፤ ሽማግሌው ሲደውሉ ስልኩን ሳያዳምጥ ነበር ለእሷ የሚያቀብለው።

«ቀብሩ ላይ ነበርክ» አለች። «አባቴን አንተ አፈር አለበስካቸው፤ እኔ ጫማህ ላይ ያለውን ጭቃ አየሁ። የእኔ ድርሻ እሱ ነበር። ሰባት ዓመት ለምኜህ ሥራ አለብኝ አልከኝ። አሁን ለውሸት ሲሆን ጊዜው ከየት መጣ?»

ቆቡን አውጥታ እጁ ላይ አስቀመጠችለት። «አንተ ነህ የለካኸው። ልክህ ነው» አለችና ወደ እናቷ ሄደች።

ተዝካሩ በማግስቱ ወጣ። ካህናቱ ፍትሐት አደረሱ፣ ነዳያን በሉ፣ ጎረቤት በላ። ሰው ሁሉ እየመጣ ፍሬአብን «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ይለዋል፤ «አሜን» ይላል። እሌኒ ከእናቷ ጎን ስትሆን ቀና ብላ አላየችውም። ሲመሽ እንግዳ በሚያድርበት በኩል መደብ ላይ ተነጠፈለት።

በሦስተኛው ቀን ጧት ጋሽ ታዲዮስ መኪናው ውስጥ ቀድመው ገብተው ተቀመጡ። የተላጩት አገጭ እንደገና ማቆጥቆጥ ጀምሯል። እትዬ አዛለች አልተሳፈሩም፤ ከእመት አሰጋሽ ጋር ሊሰነብቱ ነው። እሌኒ ሰብሊን በእጇ ይዛ አጥሩ በር ድረስ ሸኘችው። ሰው እያየ ነበርና ሸኘችው።

«አትሄዱም?» አላት።

«የሕመም ፈቃዴ አላለቀም። ቢያልቅም እዚሁ ነኝ። እናቴ ብቻዋን ናት።»

«ሰብሊስ? ትምህርት ተጀምሯል እኮ።»

«ሞላሌም ትምህርት ቤት አለ።»

«እንግዲያው እኔም ልቆይ። ፈቃድ እጠይቃለሁ። አንድ ሳምንት…»

«አይ» አለች እሌኒ። «ሂድ። ሥራ አለብህ።»

ቃሉ የራሱ ነበር፤ ሰባት ዓመት የተናገረው ቃል ነበር። ከሌላ ሰው አፍ ሲወጣ ግን ሰምቶት አያውቅም። ሰብሊ እጇን ወደ እሱ ዘርግታ ነበር፤ ጎንበስ ብሎ ሳማት። ቀና ሲል እንባው መጣ።

«መቼ ልምጣ? መቼ መጥቼ ልውሰዳችሁ?»

እሌኒ ከግቢው በላይ ያለውን ጋራ ተመለከተች። መስከረም ገና ሃያኛው ቀን ነበር፤ አበባው ጫፉ እንኳ አልጠወለገም።

«ለመስከረም» አለችው፤ የልጇን እጅ ይዛ ወደ ውስጥ ተመለሰች።